ሮቶው ሲሞላ የሚያብደው ፓምፕ

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። አንባቢያችን የጣሪያ ሮቶውን በአርዱዊኖ ኡኖ፣ ማለትም ኮድ በሚጫንበት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ፣ ይቆጣጠር ነበር። ቦርዱ ሲቃጠል አንድ ጠጋኝ ኢኤስፒ32 በተባለ ሌላ ቦርድ ተካለት። ውሃ ሲጎድል ተንሳፋፊው ስዊች ይዘጋል (ሽቦዎቹን ያገናኛል)፣ ፓምፑም በደንብ ይነሳል። ሮቶው ሲሞላ ግን ሪሌው፣ በቦርዱ ትእዛዝ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ስዊች፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። እጅ ወደ ተንሳፋፊው ገመድ ሲጠጋ እንኳ ፓምፑ ይነሳል። ዝናብ ሲጥል ይብሳል።

ወንድሜ፣ ስዊቹን ለመቀየር አትቸኩል። እኔ የምጠረጥረው ፒኑን፣ ገመዱ ቦርዱ ላይ የተሰካበትን እግር ነው። ጠጋኙ ገመዱን ከ34 እስከ 39 ካሉት ፒኖች በአንዱ ላይ ሰክቶታል ብዬ እወራረዳለሁ። እነዚህ ፒኖች የውስጥ ፑልአፕ፣ ማለትም ስዊቹ ክፍት ሲሆን ፒኑን ወደ ላይ የሚስብ ነገር፣ የላቸውም። ኮዱ ላይ ‹ኢንፑት ፑልአፕ› ብትል ኮምፓይል ያደርግልሃል፤ ፒኑ ላይ ግን ምንም አይፈጠርም።

ሳጥኑን ከመክፈትህ በፊት የፓምፑን ብሬከር አጥፋ፣ በቴስተርም አረጋግጥ። ሪሌው ላይ ያለው 220 ቮልት ነው።

ፑልአፕን ብዙ ሰው ቺፕ ውስጥ የተቀበረ ሬዚስተር ያደርገዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ትራንዚስተር ነው። ለዚህ ነው ዋጋው የሚዋልለው፤ ኡኖው ላይ ከ20 እስከ 50 ኪሎኦም፣ ኢኤስፒ32 ላይ ደግሞ 45 ገደማ ነው። ስዊቹ ሲከፈት ፒኑን ቀስ አድርጎ ወደ 3.3 ቮልት ይስበዋል። ስዊቹ ሲዘጋ ግን ግራውንድ (የቦርዱ 0 ቮልት) ያሸንፈዋል። መሸነፍ ሥራው ነው፤ ያኔ የሚያልፈው 0.07 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። ፑልአፑ ጭራሽ ከሌለ ግን ክፍቱ ገመድ የትም አልታሰረም፤ የፓምፑን ገመድ ሽውታ ሁሉ ይለቅማል። ሮቶው ሲሞላ ብቻ የሚያብደው ለዚህ ነው።

ዝናቡስ? ጣሪያ ላይ ያለው የሽቦ መጋጠሚያ ረጥቦ እንደ 20 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ያስተላልፋል እንበል። በውስጥ ፑልአፕ ብቻ ፒኑ 1 ቮልት ላይ ይቀመጣል። ኢኤስፒ32 ከ0.8 በታች ዝቅ፣ ከ2.5 በላይ ከፍ ብሎ ያነባል፤ መሃሉን እንደ ስሜቱ ነው። በ4.7 ኪሎኦም የውጭ ሬዚስተር ያው እርጥበት 2.7 ቮልት ገደማ ያስቀርልሃል።

ስለዚህ ገመዱን ወደ ፒን 27 አዙረው፣ ኮዱንም አስተካክል። ከፒኑ ወደ 3.3 ቮልት 4.7 ኪሎኦም በይድ። ወደ 5 ቮልት እንዳትወስደው፣ ቺፑን ልትገድለው ትችላለህ። ከፒኑ ወደ ግራውንድ ሽውታውን የሚያለዝብ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጨምር። ኮዱም ለውጡ ሁለት ሰከንድ ካልቆየ አይመን፤ ውሃ እንደሆነ አይቸኩልም።

ጣሪያ ላይ ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ጥገና አይደለም። ፀሐዩ ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ ዝናቡ ይገባል። ርካሽ የስፒል ማያያዣም ክረምቱን ሳይጨርስ ይዝጋል። በይደህ በሙቀት የሚጠብቅ ቱቦ አልብሰው። የስዊቹን ገመድ ከፓምፑ ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ አታሳልፍ።

ስትፈትሽም የፓምፑ ብሬከር እንደጠፋ ይቆይ፤ ይሄን ደጋግሜ እላለሁ። ቦርዱን ብቻ በዩኤስቢ አስነሳ። ተንሳፋፊውን በእጅህ ከፍ አድርገህ ፒኑን ለካ። ከ3.3 ቮልት በግልጽ ካነሰ መጋጠሚያው አሁንም ያፈሳል፤ ጣሪያ መውጣትህ አይቀርም።