መልስ፦ በ«ዳይ ቢዩቲፉል» ትርጉም ላይ ትሪሻ «እሱ» ትባል «እሷ»?

ሰላም ወዳጄ። የጁን ሮብልስ ላናን የፊሊፒንስ ፊልም (2016) የግርጌ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ዋና ገጸ ባሕሪዋን፣ የሞተችውን ትራንስ ሴት (ወንድ ተብላ ተወልዳ በሴትነት የኖረችውን) ትሪሻን «እሱ» ወይስ «እሷ» ልበላት ብለው ጠይቀዋል። «እሷ» ይበሏት፤ አባቷ ሲናገር ብቻ «እሱ»።

ችግሩ የሚመጣው ከፊልሙ ቋንቋ ከታጋሎግ ነው። «ሲያ» («እሱ/እሷ») ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፣ «ኢካው»ም («አንተ/አንቺ») እንደዚሁ፤ ግሱም ጾታ አይለይም። አማርኛ ግን ከ«መጣ» እና ከ«መጣች» አንዱን ሳያስመርጥ አያሳልፍም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይጻፉ። አባትየው ልጁን በወንድ ልብስ ሊቀብር ይፈልጋል፤ የትሪሻ የቅርብ ጓደኛ ባርብስና ሌሎች ጓደኞቿ ደግሞ በትሪሻ ኑዛዜ መሠረት አስከሬኗን በየቀኑ እንደ ሌላ ዝነኛ ሴት ያስውባሉ። የፊልሙ ጠብ እዚህ ላይ ስለሆነ፣ የ«ቅበሩት» እና የ«ቅበሯት» ልዩነት በአማርኛ ከዋናውም በላይ ጎልቶ ይሰማል። ይህን ዕድል አያባክኑት!

ከጾታ ለመሸሽ «እሳቸው» አይበሉ፤ ወጣቷን አሮጊት ያደርጋታል። «ባክላ» የሚለውን የታጋሎግ ቃል እንዳለ ይተዉት፤ ጌይ ወንድንም ትራንስ ሴትንም ስለሚያቅፍ አንድ የአማርኛ ቃል አይሸፍነውም። ታሪኩም ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚዘል፣ ቤተሰቡ በልደት ስሟ «ፓትሪክ» ሲላት ስሙን አይቀይሩ፤ ተመልካቹ ዘመኑን የሚለየው በእሱም ጭምር ነው።