ቀኑ አልመሽ ላላት እኅታችን፦ ከመሃል ሜዳ ለቀረበው ጥያቄ መልስ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ከተዘጋ ወዲህ መንዝ፣ መሃል ሜዳ ከእናትሽ ጋር ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። አንቺ ስልክ ላይ አፍጥጠሽ ታነጊያለሽ፣ ቀን ትተኛለሽ፣ መጽሐፍ ስትከፍቺ አንድ ገጽ አትዘልቂም። እናትሽ ደግሞ የማርያም ማኅበራቸው ከተቋረጠና ልደታም ያለ ጎረቤት ካለፈች በኋላ ዝምታ አብዝተዋል። «ምን ብናደርግ ይሻለናል?» ነው ያልሽው።

ከእኔ በፊት የመለሱት ብዙዎቹ «ፊልም እዪ፣ ቋንቋ ተማሪ» ብለዋል። ክፋት የለውም፤ ግን የአንቺና የእናትሽ ችግር አንድ አይደለም። አንቺ ሥራ ፈትተሻል፣ እሳቸው ሰው አጥተዋል። ሥራ ለፈታ ሰው ጨዋታ ቢያመጡለት ለዕለቱ ነው፤ የሚያስፈልገው ዛሬ ጀምሮት ነገ የሚጠብቀው ሥራ ነው። ሰው ላጣ ደግሞ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ቢጮህለት ምንም አይሆነው፤ በታወቀ ሰዓት ድምፁን የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእነዚህ ለሁለቱ ነው።

መጀመሪያ እንቅልፍሽን አስተካክዪ፤ ይህ ሳይስተካከል ሌላውን ምክር ሁሉ ውኃ ይበላዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጊዜ ለመተኛት በመታገል ነው። እንቅልፍ ሳይመጣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልጋ ላይ ቢወጡ እስከ 7 ሰዓት መገላበጥ ነው፤ አልጋውም የጭንቀት ቦታ ሆኖ ይቀራል። መያዝ ያለበት የመነሻው ሰዓት ነው። ሌሊት በስንትም ሰዓት ተኚ፣ ጠዋት 12:30 ላይ ተነሺ። ወዲያው ጋቢሽን ደርበሽ ደጅ ውጪና ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ተራመጂ። የሰውነትን ሰዓት የሚያስተካክለው የጠዋት ብርሃን ነው፤ ደመና ቢሆን እንኳ የደጁ ብርሃን ከቤት ውስጡ በብዙ ይበልጣል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ይከብዳሉ፤ ከምሳ በኋላ ዓይንሽ አልገለጥ ይላል። ብዙው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የግድ ከሆነ ከ8 ሰዓት በፊት፣ ወንበር ላይ፣ ማንቂያ ሞልተሽ፣ ከሃያ ደቂቃ ሳታስበልጪ አሸልቢ። ከ9 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅርብሽ፤ ቡና ከጠጡት ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ግማሽ ኃይሉ ደም ውስጥ አለ። «ብርድ ያባርራል፣ ያስተኛል» የሚባለውን አረቄም አትመኚ፤ ቶሎ ያስተኛና ሌሊት ላይ ያባንናል። ርካሹ የሌሊት ኢንተርኔት ጥቅል ብዙ ወጣት ከእንቅልፉ አፋቷል። ማውረድ የምትፈልጊው ነገር ካለ ማውረጃውን ከፍተሽ ስልኩን እናትሽ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክተሽ ተዪው። ይህን ከያዝሽ በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ እንቅልፉ ራሱ በጊዜ ይመጣል።

አሁን ወደ ሥራው። መንዝ ተቀምጦ የበግ ጠጉር መፍተል ሳይማሩ ይህን ጊዜ ማሳለፍ ያስቆጫል። ጠጉሩ ከደጅ ነው፤ መምህሯ ቤት ውስጥ ናቸው። ሥራው ሳምንታት ይወስዳል፣ የቀኑም ድካም ማታ ላይ በዓይን ይታያል። እጅ ይዞ አፍ አይይዝም፤ ስለዚህ እናትሽ እያዩሽና እያረሙሽ ያወራሉ። «ላጫውትዎት» አትበያቸው፤ ያዘኑ ሰዎች ሊታዘንላቸው አይወዱም። እንዲያስተምሩሽ ለምኛቸው።

ለመጀመሪያ አንድ ኪሎ ያህል ጠጉር ይበቃል። ከሆድና ከእግር አካባቢ የተሸለተው አጭርና የቆሸሸ ነው፤ ለይተሽ ጣዪው፣ ከጀርባና ከጎን የመጣውን ረጅሙን ያዢ። ጭቃውንና ጭራሮውን በደረቁ አራግፊ። ከዚያ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፊው። አትሺው፣ ከሞቀ ውኃ አውጥተሽም ቀዝቃዛ ውስጥ አትክተቺው። ጠጉር ሙቀትና እሽት አንድ ላይ ካገኘው እርስ በርሱ ተያይዞ ይደድራል፤ ከዚያ ወዲያ ለፈትል አይሆንም። ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውኃ አለቅልቀሽ፣ ጫን ጫን አድርገሽ ውኃውን አስወጪና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ አስጪው።

ሲደርቅ በጣት መበተን ነው። አሰልቺው ክፍል ይህ ስለሆነ ሁሉም ሊዘለው ይሞክራል፤ ፈትሉ የሚጎረብጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድም ቋጠሮ እስከማይቀር፣ ወደ ብርሃን ሲያዩት ወዲያ ማዶውን እስኪያሳይ ድረስ አሳሺው። ደጋን ያለው ጎረቤት ካለ ቢነደፍ ይፈጥናል። ከዚያ በመዳፍሽ ጠቅልለሽ ጣት የሚያህል አመልማሎ አድርጊው። የታጠበ ጠጉር ስለሚደርቅና ስለሚገትር መዳፍሽን ዘይት ወይም ቅቤ ነካ አድርጊ፤ ፀሐይ ላይ ቢቆይም ይለሰልሳል።

እንዝርቱን ስትይዢ መጀመሪያ ክሩ በየደቂቃው ይበጠሳል። ምክንያቱ አንድም ሽክርክሪቱ ሳይደርሰው አብዝተሽ ስበሽዋል፣ አንድም እንዝርቱ መሾሩን ጨርሶ ወደ ኋላ መዞር ሲጀምር አላየሽም፤ ወደ ኋላ ሲዞር የከረረውን መልሶ ይፈታዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት እንዝርቱን አታንጠልጥዪ። ጫፉን ሳህን ላይ አስደግፈሽ አሹሪው፣ አቁሚው፣ ከዚያ ጠጉሩን ሳቢ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ በኋላ ይመጣል። ሲበጠስ አትቋጥሪው። ሁለቱንም ጫፍ ጣት በሚያህል ርዝመት በትነሽ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደርበሽ አክሪው፤ ቋጠሮ ያለበት ክር ሸማኔው እጅ ሲገባ ያስቸግራል። የቀኑን ፈትል በቀኑ ልቃቂት አድርገሽ ከሚታይ ቦታ አኑሪ። ለባና፣ ማለትም ለበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚበቃ ፈትል ወራት ይፈጃል፤ ለአሁኑ ጊዜ ይህ ረጅምነቱ ነው የሚጠቅመው።

ከፈትሉ ሌላ የጓሮ ሥራ አለ፤ ግንቦት ለጎመን መደብ ማዘጋጃ ጥሩ ጊዜ ነው። በአንድ ሜትር ስፋት፣ በሁለት ሜትር ርዝመት ቆፍረሽ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዪበት። ዘሩን በመስመር፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ አልብሰሽ ዝሪ፤ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም። በሣር ሸፍነሽ ጠዋት ጠዋት አጠጪ፣ ሲበቅል ሣሩን አንሺ። ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ነሽና ችግኙ ለመዛወር ስድስት ሳምንትም ሊቆይ ይችላል፤ ክረምቱ ሲገባ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ታዛውሪዋለሽ። ዶሮ እንዳይጭረው እሾህ እጠሪበት።

ለማታ ገበጣ ይበቃል፤ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር፣ በድምሩ 48። ገበጣው ከሌለ የእንቁላል ካርቶን ይሠራል። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያልና በእናትሽ ሕግ ተጫወቱ።

ትምህርቱን በተመለከተ ቀኑን ሙሉ ለማጥናት አታቅጂ። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ፣ መሃሉ ላይ ሩብ ሰዓት ዕረፍት፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ አንቺም ወንበር ላይ ተቀመጪ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ማንበብ መተኛት ነው። ያነበብሽውን መጽሐፉን ዘግተሽ በራስሽ ቃል በወረቀት ጻፊ፤ ነገ መጻፍ ባቃተሽ ገጽ ጀምሪ።

ወሬ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። በ2012 የጤና ሚኒስቴር የዕለቱን የኮሮና ምርመራ ውጤት በወቅቱ ሚኒስትር በዶክተር ሊያ ታደሰ በኩል ያወጣ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ብቻ አይታችሁ ዝጉት። ቀኑን ሙሉ በየገጹ የሚዞረውን የሞት ወሬ መስማት እናትሽን የበለጠ ይጎዳቸዋል። ጥያቄ ካላችሁ በጤና መረጃ መስመሩ በ8335 ደውሉ።

አንድ ነገር በብርቱ ላስጠንቅቅሽ። ቤት መዋል ሲበዛ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት ይበዛል። የከሰል ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያስከትላል፣ ሰውም እንቅልፍ መስሎት እዚያው ይቀራል። ከሰሉ ደጅ ፍም ሆኖ ቢገባም ጋዙ አይቀርም። መስኮት ገርበብ ይበል፤ ከመኝታ በፊት ምድጃው ይውጣ። ሁለታችሁንም ባንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁ አንድ ደቂቃ ሳትቆዩ ደጅ ውጡ።

ስለ እናትሽ የምፈራው ሌላ ነገር አለ። በዚህ ጊዜ ዘመድ ሞቶባቸው ለቅሶ ሳይደርሱ ቀርተው ከሆነ፣ ዝምታቸው ከዚያ ሊሆን ይችላልና በቀስታ ጠይቂያቸው። ለሐዘንተኛው በመርዶው ቀን ብቻ መደወል አይበቃም፤ በሣልስቱ፣ በሰባቱ፣ በአሥራ ሁለቱ፣ በአርባው፣ በሰማንያው ይደወልለት። ቀኖቹን ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊላቸው። ደዋዩም ሐዘኑ ይቀልለታል። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግብ ከቀነሱ፣ እንቅልፍ ካጡ፣ የሚወዱትን ሁሉ ከተዉ፣ ይልቁንም «ምነው በሞትኩ» ማለት ካበዙ፣ ይህ በቡናና በወሬ የሚያልፍ አይደለም። ብቻቸውን አትተያቸው፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሪ፣ መሃል ሜዳ ሆስፒታልም አለላችሁ። ለአንቺም ያው ነው።

ጎረቤትን በተመለከተ፣ በመጋቢት 30 ቀን 2012ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የተከለከለው ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ነበር፤ ሰው ማየት አልተከለከለም። ዛሬ ከአንዷ ነገ ከሌላዋ እየተዘዋወሩ ቡና ከመጠጣት አንዲት ጎረቤት መርጣችሁ ከሷ ጋር ብቻ ዝለቁ፤ በሽታ ቢገባ እንኳ ከሁለት ቤት አያልፍም። ቡናው ደጅ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቆ፣ ሲኒው ለየራስ፣ በፈላ ውኃ የታጠበ። መጨባበጥና መሳሳም ይቅር። ከሦስቱ አንዱን፣ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ መለያየትም ይቻላል፤ ዋናው በየቀኑ ሰዓቱ አለመዛነፉ ነው።

ማኅበሩን ግን አታስቀሩት። አባላቱ 12 ናቸው እንበል። ስማቸውን በተራ ጻፊ። በወሩ 21፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ ለሁለተኛዋ፣ ሁለተኛዋ ለሦስተኛዋ እያለ ይደወላል፤ አሥር አሥር ደቂቃ ቢያወሩ 12 ሰዓት ገደማ የመጨረሻዋ መልሳ ለመጀመሪያዋ ትደውላለች። ሳይደርሳት ከመሸ፣ መሃል ላይ የተቆረጠበትን ቤት ፈልጋ ታጣራለች፤ ምናልባት የታመመች አለች። ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በካርድ ማለቅ ነው፤ ካርድ የሌላት ሚስኮል ታድርግ፣ ተከታዩዋ መልሳ ትደውል። ጆሯቸው የከበደ እናት ካሉ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይቀመጡ። የእያንዳንዷን ተከታይ ቁጥር በትልቁ በካርቶን ጽፈሽ ላኪላቸው፤ ስልክ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ለብዙዎቹ አይሆንላቸውም።

ዳቦውም ይጋገር። ከሁለት ኪሎ ዱቄት የሚወጣ ድፎ ለ12 ቤት ቁራሽ ይበቃል። በመንዝ ብርድ ሊጥ ቶሎ ኩፍ አይልምና በዋዜማው ማታ ይቦካ፣ ተሸፍኖ ምድጃ አጠገብ ይደር። ካህኑ ከተረኛዋ ቤት ብቻቸውን ይባርኩት፤ እጁን የታጠበ አንድ ልጅ ቁራሹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በየበሩ አኑሮ፣ አንኳኩቶ ይመለስ።

ግንቦት 21 የማርያም በዓል፣ ደብረ ምጥማቅ ናት፤ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ዛሬ ማታ ከእናትሽ ጋር ተቀምጠሽ ስሞቹን ጻፊ። ተረኛዋ ማን እንደነበረች እሳቸው ያውቃሉ፤ ዱቄት ካጠራት እንዲዋጣላት ቀድሞ ይደወልላት።