ዲስክ ፍሬን ከመግዛትህ በፊት ሞዞውን እይ

«ቪ ፍሬን ያለውን ማውንቴን ሳይክሌን ወደ ዲስክ ልቀይረው ነው። በገመድ የሚሰራው ይሻላል ወይስ ሃይድሮሊኩ? ራሴስ መግጠም እችላለሁ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ መግጠሙን ትችላለህ። ምርጫው ግን ከብራንድ አይጀምርም።

መጀመሪያ ሳይክልህ ዲስክ (ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረውን ክብ ብረት) ይቀበል እንደሆነ አጣራ። በግራ በኩል፣ ከፊት ሹካው ላይ፣ ከኋላ ደግሞ ቴላዮው (የሳይክሉ አጽም) ላይ፣ ዲስኩን በሸራ የሚጨምቀው ካሊፐር የሚታሰርባቸው ሁለት ሁለት ቀዳዳዎች መኖር አለባቸው። ከዚያ ሞዞው፣ የጎማው እምብርት፣ አለ። ለቪ ፍሬን (ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ በሸራ ለሚጨምቀው) ብቻ የተሰራ ሞዞ ዲስክ የሚታሰርበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ጎማውን ከነቸርኬው ከነሞዞው ልትቀይር ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ፍሬኑን ገዝቶ ቤት ከገባ በኋላ ነው።

ቴላዮው ቀዳዳ ከሌለው ተጨማሪ ብረት አስረው ዲስክ የሚገጥሙ አሉ። እኔ አልመክርም። ቴላዮው እዚያ ቦታ ላይ ያንን ጉልበት እንዲሸከም አልተሰራም። ሹካው ብቻ የሚቀበል ከሆነ ፊቱን ብቻ ቀይር። ፍሬን ስትይዝ ክብደትህ ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁን ስራ የሚሰራው የፊቱ ነው። ፊት ዲስክ፣ ኋላ ቪ ሆኖ መንዳት ምንም ነውር የለውም። ሁለቱም ካልሆነ አዲስ ሸራና አዲስ ገመድ ግዛና ተገላገል።

ቀዳዳዎቹን ስታይ አቀማመጣቸውንም ልብ በል። ብሎኑ ከጎን የሚገባ ከሆነ አይ ኤስ ይባላል፤ በቀዳዳዎቹ መካከል 51 ሚሊሜትር አለ። ብሎኑ ከጎማው ጎን ለጎን በቁመት የሚገባ ከሆነ ፖስት ማውንት ነው፤ 74 ሚሊሜትር። አሁን የሚሸጡት ካሊፐሮች አብዛኞቹ ፖስት ማውንት ናቸው። አይ ኤስ ላይ በአዳፕተር (በመሃል በሚገባ ማገናኛ ብረት) ይታሰራሉ። ዲስኩም ሁለት ዓይነት ነው፦ በስድስት ብሎን የሚታሰር፣ ወይም ሴንተርሎክ የሚባለው፣ ጥርስ ላይ ገብቶ በአንድ ቀለበት የሚጠብቅ።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ እኔ የምነዳው ሃይድሮሊክ፣ በገመድ ፈንታ በዘይት ግፊት የሚሰራው ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ አንድ ጣት ይበቃል፣ እጅ አይዝልም። ሸራው እያለቀ ሲሄድም እሱን የሚገፉት ፒስተኖች ራሳቸው ወጣ እያሉ ክፍተቱን ያካክሳሉ። ከታወቀ አምራች የሆነ ተራ ሃይድሮሊክ ከውድ የገመድ ፍሬን ይበልጥብኛል። የገመዱ ጥቅም ሌላ ነው። ለማውንቴን የተሰሩት የገመድ ካሊፐሮች ከቪ ፍሬን እጀታ ጋር ስለሚስማሙ እጀታ አትቀይርም። የኮርሳ (የአስፋልት እሽቅድምድም ሳይክል) ካሊፐር ግን የሚስበው የገመድ ልክ ስለሚለይ አይሆንህም። ገመድ ደግሞ የትም ብትሆን ትቀይረዋለህ።

ሃይድሮሊክ ከመረጥክ አንድ ነገር አደራ። የሺማኖና የማጉራ ፍሬኖች የሚሰሩት በሚነራል ኦይል ነው። ብዙዎቹ የስራም ፍሬኖች ደግሞ ዶት የሚባለውን፣ መኪናም የሚጠቀመውን የፍሬን ዘይት ይጠቀማሉ። ቤት የተገኘ የመኪና ፍሬን ዘይት ሺማኖ ውስጥ ከገባ የውስጥ ማሸጊያ ጎማዎቹ ያብጣሉ፣ ፍሬኑም አለቀለት። በተቃራኒውም ያው ነው።

የዲስክ መጠን 160፣ 180 እና 203 ሚሊሜትር በብዛት ይገኛሉ። ፊት 180፣ ኋላ 160 ለአብዛኛው ሰው ልክ ነው። ከባድ ሰው ከሆንክ ወይም ቁልቁለት የምታበዛ ከሆነ ከፍ አድርግ፤ ግን ሹካህ የሚፈቅደውን ትልቁን መጠን ሳታይ አትዝለል። ርካሽ ዲስኮች ላይ ሬዚን ሸራ (ለስላሳው ዓይነት) ብቻ የሚል ጽሑፍ ይኖራል። እነሱ ላይ የብረት ሸራ ካሰርክ ዲስኩን ይበላዋል።

አሁን መግጠሙ። ዲስኩንና ሸራውን በባዶ እጅ አትንካ። የጣት ወዝ እንኳ ይበቃዋል። ሰንሰለት ላይ ቅባት በስፕሬይ የሚነፉ ልጆች «ፍሬኔ ይጮሃል፣ አይዝም» እያሉ ይመጣሉ፤ ስታየው ዲስኩ ዘይት ጠጥቷል። ዲስኩ በአልኮል ይጸዳል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጣል ነው። የስድስቱን ብሎን ደግሞ ዙሪያውን በተርታ አታጥብቅ፤ ትይዩ ትይዩውን እያፈራረቅህ፣ ጥቂት ጥቂት።

ካሊፐሩን መሃል ማስገባት ላይ ነው ሁሉም የሚናደደው። ሁለቱን ብሎኖች ካሊፐሩ ወዲያ ወዲህ እስኪል አላላ። እጀታውን ያዝና ሳትለቅ ብሎኖቹን ሩብ ሩብ ዙር እያፈራረቅህ አጥብቅ። ከዚያ ነጭ ወረቀት ከኋላው አድርገህ በካሊፐሩ ቀዳዳ ተመልከት። ከዲስኩ በግራም በቀኝም ቀጭን የብርሃን መስመር መታየት አለበት። በአንዱ ወገን ከጠፋ፣ አንዱን ብሎን ብቻ ላላ አድርገህ ካሊፐሩን በጣትህ ለጥቂት ግፋው። የመጨረሻው ማጥበቂያ ላይ ብሎኑ ካሊፐሩን ይዞት ሊዞር ይሞክራል፤ በሌላ እጅህ ያዘው። ሺማኖ ለእነዚህ ብሎኖች የማጥበቂያው ልክ ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ነው ይላል።

የገመድ ካሊፐር ከሆነ ዘዴው ይለያል። አብዛኞቹ ላይ የሚንቀሳቀሰው የውጪው ሸራ ብቻ ነው፤ ዲስኩን ገፍቶ ከቆመው የውስጥ ሸራ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ የውስጡን በማስተካከያው አዙረህ ዲስኩን ሊነካ ምንም ያህል ሲቀረው አቁመው። ገመዱን ብቻ እየሳቡ ማጥበቅ ለጊዜው ይያዝ እንጂ የትም አያደርስም።

ጎማው ወጥቶ ሳለ የሃይድሮሊክ እጀታ አትጭመቅ፤ ፒስተኖቹ ወጥተው ዲስኩ አልገባ ይልሃል። ከፍሬኑ ጋር የሚመጣውን ፕላስቲክ፣ ከሌለም የታጠፈ ካርቶን፣ በሸራዎቹ መካከል ሰካ።

አዲስ ፍሬን መጀመሪያ ላይ አይዝም፤ አትደንግጥ። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየነዳህ፣ ጎማው ሳይቆለፍ እስከ እርምጃ ፍጥነት አብርደው። ለእያንዳንዱ ፍሬን 20 ጊዜ ያህል ደጋግም። ሸራው ዲስኩ ላይ ስስ ሽፋን ሲተው ጉልበቱ ሲጨምር በእጅህ ይታወቅሃል። ከዚያ በኋላ ብሎኖቹን አንዴ ፈትሽ። ዲስኩን ግን ለማየት ብለህ እንዳትነካው፣ ጣት ያቃጥላል።