«በአንድነትና በነጠላ» ብሎ የፈረመ ዋስ የሚከፍለው ስንት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቡሬ ነው። የእህቴ ባል ለበርበሬ ንግድ ከባንክ ሊበደር ነውና እኔንና ሁለት ዘመዶቹን ዋስ ሁኑኝ ብሎ ለመነን። ውሉ «ዋሶች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች ናቸው» ይላል። አንደኛው ዘመድ «ነጠላ ማለት ለየድርሻችን ማለት ነው፤ ሦስት ስለሆንን ሲሶ ሲሶ ነው የሚደርሰን» አለን። ሌላኛው ደግሞ «ዋስና እማኝ ያው ነው፤ ፈርመን እንገላገል» ይላል። እውነታቸውን ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ከመፈረምዎ በፊት መጠየቅዎም ደግ አደረጉ።

የመጀመሪያው ዘመድ ስሕተት የሚያስወቅስ አይደለም። በዕለት ንግግራችን ነጠላ ያልተደረበ፣ ብቻውን ያለ ማለት ነው። ነጠላ ቁጥር፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ነጠላ ዋጋ እንላለን። በተለይ ነጋዴ «ነጠላ ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ከጠቅላላው ሒሳብ የአንዱ ብቻ ተለይቶ እንዲነገረው ነው የሚፈልገው። በዚያ ጆሮ «በነጠላ ኃላፊ» የሚለውን የሰማ ሰው «እያንዳንዱ ለየድርሻው» ብሎ ቢረዳ አይገርምም።

በውል ቋንቋ ግን የሚነጠለው ሰው ነው፤ ዕዳው አይከፋፈልም። «በአንድነት» ሲል አበዳሪው ሁሉንም አንድ ላይ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። «በነጠላ» ሲል ደግሞ ከመካከላቸው አንዱን ለይቶ ሙሉውን ዕዳ ሊጠይቀው ይችላል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ዕዳው 90,000 ብር ነው እንበል፤ የእህትዎ ባል በርበሬው ከሰረበትና መክፈል አቃተው። ባንኩ ሦስታችሁንም ሊከስ ይችላል። ከሦስታችሁ ቤትና ደመወዝ ያለዎት እርስዎ ብቻ ከሆኑ ግን ሌሎቹን ትቶ እርስዎን ብቻ 90,000 ብር ይክፈሉ ሊልዎ ይችላል። «የእኔ ድርሻ 30,000 ነው» የሚለው መከራከሪያ በባንኩ ፊት ዋጋ የለውም። የሲሶው ነገር የሚነሣው እርስዎ ከከፈሉ በኋላ፣ በእናንተ በዋሶቹ መካከል ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱን ዘመዶች የየድርሻቸውን እንዲተኩልዎ፣ ተበዳሪውን ደግሞ የከፈሉለትን ሁሉ እንዲመልስ መጠየቅ ይችላሉ። ማስመለሱ ግን የእርስዎ ድካም ነው፤ ባንኩ ገንዘቡን አግኝቷል።

ነገሩ ራሱ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ጸደይ ባንክ ከመሆኑ በፊት መያዣ ለሌለው ገበሬ በቡድን ዋስትና ያበድር ነበር፤ አንዱ ያጎደለውን ሌላው እንደሚሞላ የቡድኑ አባል ሁሉ ያውቀዋል። ያልለመድነው የሕጉን አነጋገር ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ዕዳ ያለባቸው ሰዎች ብዙ ሲሆኑ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ አበዳሪው ሁሉንም ወይም አንዱን ብቻ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል (ቁጥር 1896 እና 1897)። ዋሱ ከባለዕዳው ጋር በአንድነት ኃላፊ ሆኖ ከገባ ደግሞ አበዳሪው ባለዕዳውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ፣ ቀጥታ ወደ ዋሱ ሊመጣ ይችላል (ቁጥር 1933)። ተራ ዋስ ግን «መጀመሪያ የባለዕዳው ንብረት ይታይልኝ» ማለት ይችላል። ስለዚህ ውሉ ዋሶቹ እርስ በርሳቸው ብቻ በአንድነት እንደገቡ ወይስ ከተበዳሪውም ጋር እንደሆነ አጥርተው ያንብቡ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቤት የሚያሸጥ ነው።

እኔ ቢጠይቁኝ ውል የሚያዘጋጁ ሰዎች «በአንድነትና በነጠላ» ከሚለው በታች አንድ መስመር ቢጨምሩ እመርጣለሁ፤ «አበዳሪው ከዋሶቹ አንዱን ብቻ ለይቶ ሙሉውን ዕዳ ሊያስከፍል ይችላል» ብለው። ቃሉ በፍርድ ቤት የተለመደ ስለሆነ ይኑር፤ ፈራሚው ሳይገባው እንዲፈርም ግን አይገባም።

ወደ ሁለተኛው ዘመድ ልምጣ። እማኝ ሲዋዋሉ አየሁ፣ ሲፈራረሙ ነበርሁ ብሎ የሚመሰክር ነው፤ ዕዳው አይነካውም። ዋስ ግን ባለዕዳው ባይከፍል እኔ አለሁ ያለ ሰው ነው። ቃሉ ከግዕዙ ዋሕስ የመጣ ነው፤ ትግርኛ እስከ ዛሬ ከነሐው ይዞታል። ይሁዳ ስለ ብንያም ለአባቱ ለያዕቆብ የተዋሰውን ያስታውሱ፤ ልጁን ካልመለስሁ ከእጄ ፈልገው ነበር ያለው። ሠራተኛ ሲቀጠር የሚጠራው ተያዥም የዚሁ የዋስ ወገን ነው፤ ሠራተኛው ንብረት ቢያጎድል የሚያዘው እርሱ ነው፣ ስሙም የሚለው ይህንኑ ነው። አንድ ውል ላይ እማኞችም ዋሶችም ስለሚፈርሙ፣ ለምስክርነት የተጠሩ ሽማግሌ በዋስ መስመር ላይ እንዳይፈርሙ ከፊርማው ቦታ ጎን የተጻፈውን ቃል ማንበብ ያስፈልጋል። ማንበብ ለማይችሉት ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው።

ለእርስዎ ደግሞ ከሁሉ የሚጠቅምዎት «እስከ» የምትለው ትንሽ ቃል ናት። ሕጉ የዋስትናው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል (ቁጥር 1922)። ከ«እስከ ብር» ቀጥሎ የተጻፈውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ወለድና ወጪ በውስጡ መግባቱንም ይጠይቁ። ሦስታችሁ ሲሶ ሲሶ ብቻ ልትገቡ ከፈለጋችሁ፣ ባንኩም ከተስማማ፣ «የእያንዳንዱ ዋስ ኃላፊነት እስከ ብር 30,000 ብቻ ነው» ተብሎ ይጻፍ፤ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውም ከውሉ ይውጣ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከቆሙ ለክርክር በር ይከፍታሉ።