ብቻዋን ለመሸከም ስለ ወሰነችው ልጅ፦ ለወጣቶች የተጻፈ ደብዳቤ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፤

ከ30 ዓመት በላይ በሕክምና ሙያ አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው ስለ ጃፓን አኒሜ (የሥዕል ፊልም) ሲጽፍላችሁ ሳይደንቃችሁ አይቀርም። «ፑኤላ ማጊ ማዶካ ማጊካ» የተባለውን ባለ 12 ክፍል ተከታታይ ያሳየችኝ የልጄ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 በሻፍት ስቱዲዮ የተሠራ፣ ጌን ኡሮቡቺ የጻፈውና አኪዩኪ ሺንቦ በዳይሬክተርነት የመራው ሥራ ነው። አስማታዊ ኃይል ያላቸው ልጃገረዶች የሚዋጉበትና ሥዕሉም የሕፃናት የሚመስል ቢሆንም፣ ሞትና ተስፋ መቁረጥ የሞላበት ስለሆነ ለታናናሾቻችሁ እንዳትከፍቱላቸው አደራ እላለሁ። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ አሥረኛው ክፍል ነው። ርእሱ «ከእንግዲህ ማንም ላይ አልደገፍም» የሚል ሲሆን፣ ስለ እርሱ ለመናገር የታሪኩን ምስጢር መግለጤ ስለማይቀር ያላያችሁት አስቀድማችሁ ብታዩት ይሻላል።

እስከ ዘጠነኛው ክፍል ድረስ ሆሙራ አኬሚን የምናውቃት ፊቷ የማይፈታ፣ ሁሉን አስቀድማ የምታውቅ፣ ለማንም የማታዝን በምትመስል መልኳ ነው። አሥረኛው ክፍል ግን ወደ መነሻዋ ይወስደናል። እዚያ መነጽር ያደረገች፣ ጸጉሯን የተጎነጎነች፣ በልብ ሕመም ሆስፒታል ከርማ ገና የወጣች ዓይን አፋር ልጅ ናት። ሰሌዳ ፊት ቆማ የሒሳቡን ጥያቄ መሥራት ያቅታታል፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜም ከጓደኞቿ እኩል መሮጥ አትችልም። እንዲህ ያሉ ልጆችን በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ የመውጫ ወረቀቱ ድነሻል ቢላቸውም እነርሱ ግን ለረጅም ጊዜ እንደ በሽተኛ ነው የሚራመዱት። ለሆሙራ መጀመሪያ የደረሰችላት ማዶካ ካናሜ ነበረች፤ ነበልባል የሚል ትርጉም ያለው ስምሽ ያምራል፣ አንቺም እንደ ስምሽ ሁኚ አለቻት።

የታሪኩ ሕግ ጨካኝ ነው። ኪዩቤ የተባለው ነጭ ፍጡር የልጃገረዷን አንድ ምኞት ይፈጽምላትና በምትኩ ከጠንቋዮች ጋር እንድትዋጋ ያስገድዳታል፤ ነፍሷም ከአካሏ ወጥታ በዕንቁ ውስጥ ትቀመጣለች። ዕንቁው ሙሉ በሙሉ ሲጠቁር ልጅቷ ራሷ ጠንቋይ ትሆናለች፤ ይህን ግን ኪዩቤ አስቀድሞ አይነግራትም። ማዶካ ከታላቋ ጠንቋይ ጋር ተዋግታ በሞተች ጊዜ ሆሙራ ያቀረበችው ምኞት፣ ከእርስዋ ጋር እንደ አዲስ ተገናኝታ ተጠባቂ ሳይሆን ጠባቂ መሆን ነበር። ወዲያው በዚያው የሆስፒታል አልጋ ላይ ነቃች፤ ጊዜው አንድ ወር ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር። የተሰጣት ኃይል ጊዜን ማቆምና መመለስ ብቻ ስለነበረ ቦምብ በገዛ እጇ ትሠራለች፣ ኋላም ጠመንጃ ከወንበዴዎች ትሰርቃለች።

ሆሙራ ጊዜውን እየመለሰች ያንኑ ወር ደጋግማ ትኖረዋለች፤ እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው ሦስተኛውን ዙር ነው። ሆሙራ ዝም አላለችም፤ ኪዩቤ እያታለለን ነው ብላ ለጓደኞቿ ተናግራለች። ሳያካ ሚኪ አላመነቻትም፤ እንዲያውም ልትለያየን ነው ብላ ጠረጠረቻት። እውነቱ በገሃድ ሲታይ ደግሞ ሳያካ ራሷ ጠንቋይ ሆና ነበር፤ ማሚ ቶሞኤም ድንጋጤውን መሸከም አቅቷት በጓደኞቿ ላይ ተኮሰች። ከዚህ በኋላ ነው ሆሙራ ማንም አያምነኝም፣ ስለዚህ ማንም ላይ አልደገፍም ብላ መነጽሯን ያወለቀችው፣ ጉንጉኗንም የፈታችው። ውሳኔዋ የትዕቢት አልነበረም። ተናግራ፣ ሳትታመን ቀርታ፣ ከደረሰባት ነገር የተማረችው ነው፤ እኔንም ያስጨነቀኝ ይህ ነው።

በወጣትነቴ በምሠራበት ሆስፒታል፣ በሕፃናት ክፍል የነበረ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ጌጁ የተበላሸ ነበር፤ ሊያልቅ ተቃርቦም ሙሉ ነኝ ይላል። በጠዋት ስብሰባ ላይ ተናገርሁ፤ ገና ጀማሪ ስለነበርሁ ንግግሬ ተናቀ፣ ተገሠጽሁም። እኔም ዳግመኛ አልናገርም ብዬ በየምሽቱ በራሴ እጅ እየፈተሽሁ ማስቀየር ጀመርሁ፤ ይህንንም ለወራት ሳላቋርጥ አደረግሁት፣ በልቤም ኮራሁበት። ከዚያ ታይፎይድ ይዞኝ ተኛሁ። በሁለተኛው ሌሊት ኦክስጅኑ አለቀ፤ ሕፃኑ የተረፈው እናቱ ጮኻ ነርሷ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሌላ ሲሊንደር እየገፋች ስላመጣች ነው። ድኜ ስመለስ ሰዎቹን ልወቅስ ተነሥቼ ነበር። ነገር ግን ያን ጌጅ እንዲያምኑት ያደረግኋቸው እኔ ነበርሁ፤ በየምሽቱ ሳስተካክለው አንድም ቀን ሲከዳቸው አላዩም።

የሆሙራም ድካም እንዲሁ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ማዶካን ከአደጋ ለማራቅ ስትሮጥ ማዶካ የምትጠበቅበትን ምክንያት አታውቅም፤ ስለማታውቅም ኪዩቤ ሲቀርባት የምትመልሰው የላትም። በአራተኛው ዙር ማዶካ ታላቋን ጠንቋይ በአንድ ምት አጥፍታ፣ ራሷ ከሁሉም የከፋች ጠንቋይ ሆነች። በአሥራ አንደኛው ክፍል እንደሚነገረን፣ ሆሙራ ጊዜን በመለሰች ቁጥር የዕጣ ፈንታ ክሮች በማዶካ ላይ እየተጠመጠሙ ኃይሏንም አደጋዋንም አሳድገዋል። በጃፓን እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 በደረሰው የምድር መንቀጥቀጥ ምክንያት የቀሩት ሁለት ክፍሎች እስከ ኤፕሪል ዘግይተው ስለነበር፣ ተመልካቹ የልጅቷን ውሳኔ መልስ ሳያገኝለት ከአንድ ወር በላይ ተሸክሞ ቆይቷል።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ተናግራችሁ ያልተሰማችሁ ልጆቼ፣ ሁለተኛ ጊዜ እንድትናገሩ እለምናችኋለሁ። በተለየ ሰዓት፣ ለተለየ ሰው፣ በጽሑፍ፣ ማስረጃ ይዛችሁ ተናገሩ። እኔ በዚያ ስብሰባ ማንም እምቢ ሊለው የማይችለውን ሲሊንደሩን ራሱን ገፍቼ ማስገባት እችል ነበር፤ አላሰብሁትም። ሆሙራም በቸኮለ አንደበት፣ ገና ሳያውቋት ነግራቸው፣ ያን ጊዜ የሰጧትን መልስ የዘለዓለም መልሳቸው አድርጋ ወሰደችው።

ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ከውሳኔዋ አስቀድሞ ያለው ትዕይንት ነው። ሁለቱ ልጆች ከጦርነቱ በኋላ በፍርስራሽ መካከል ተጋድመዋል፤ የሁለቱም ዕንቁ እየጠቆረ ነው። ማዶካ የደበቀችውን የመጨረሻ የሐዘን ዘር፣ ማለትም ከተሸነፈች ጠንቋይ የሚገኘውንና የዕንቁን ጥቁረት የሚስበውን ነገር፣ አውጥታ የሆሙራን ዕንቁ ታነጻለች፤ ለራሷ ምንም አልቀረላትም። ወደ ኋላ ተመልሰሽ ሞኟን እኔን ከመታለል አድኝልኝ ብላ የጠየቀቻትም ያን ጊዜ ነው። ሆሙራ ማንም ላይ አልደገፍም ብላ ከአልጋዋ ስትነሣ ያስነሣት ያ አንድ ዘር ነበር።