ቬሎው ሲያምር ፊቱ ለምን ይጠቁራል?

አንድ ወጣት ከሐዋሳ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ሰርግ ማንሳት ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነው። ያገለገለ ካኖን ካሜራና አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለኝ። ሙሽሮቹን ውጪ ሳነሳ ወይ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ወይ ቬሎው ኦቨር ሆኖ ጥልፉ ይጠፋል። አዳራሽ ስንገባ ደግሞ ሰው ሁሉ ሐምራዊ ይሆንብኛል። በኤዲት ላስተካክል ስሞክር ‹አቀላኸን› ይሉኛል። ካሜራ ልቀይር?»

ወንድሜ፣ ካሜራህ ምንም አልሆነም። ካሜራ ሙሽራ አያውቅም፣ ቬሎም አያውቅም። ፊቱ የቆመውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ 18 በመቶ ያህል ብርሃን የሚመልስ ነገር ማለት ነው። ፍሬሙን ቬሎ ሲሞላው «ይሄማ በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ያኔ ፊት ይጠቁራል። የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ሲሞላው ደግሞ ተቃራኒውን ያደርግና ቬሎው ይቃጠላል፤ ባዶ ነጭ ይሆናል ማለት ነው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን በሄድክ ቁጥር ውጤቱ የሚለዋወጥብህ ለዚህ ነው።

ስለዚህ አውቶማቲኩን ተወው። ካሜራውን ማንዋል ላይ፣ የብርሃን መለኪያውን ስፖት ላይ (አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካበት) አድርግና ከሙሽራዋ ጉንጭ ለካ። ግንባሯን ተወው፤ ያብለጨልጫል፣ ያታልልሃል። ጠይም ከሆነች መለኪያው ዜሮ ላይ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ጠቆር ያለች ከሆነች አንድ ስቶፕ አካባቢ (ብርሃኑን በግማሽ ማለት ነው) ዝቅ አድርገው፤ አለዚያ ካሜራው እሷንም ግራጫ ያደርጋታል፣ መልኳ ይጠፋል። ቀይ ከሆነች ከዜሮ ከፍ ይበል። ከዚያ ብርሃኑ እስካልተቀየረ ድረስ አትነካካው። ሙሽራው ቢቀርብ፣ ሚዜዎቹ ቢጨመሩ፣ ፊቷ ያው ፊቷ ነው።

አንድ ጊዜ አንሳና ስክሪኑን እይ። ፎቶው ጠቆረ ደመቀ እያልክ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ ማንኛውም ስክሪን ይዋሻል። የምታየው ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የጨለማውንና የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ፣ እና የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ነው። ዶቃው ላይ ብቻ ብልጭ ካለ አትጨነቅ። የቬሎው ደረትና ጥልፉ ላይ ከሆነ ግን በሲሶ ስቶፕ ዝቅ አድርግና ድገመው። ደግሞ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ላይ አንሳ። ጄፔግ ላይ አንዴ የጠፋ ጥልፍ ጠፋ ነው፤ ሮው ላይ ትንሽ መመለሻ አለህ።

በነገራችን ላይ የቆዳ ቀለም ጣጣ ያንተ ብቻ እንዳይመስልህ። ኮዳክ በፊልሙ ዘመን ለፎቶ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። የእኛ መልክ ለዓመታት የተመዘነው በእሷ ነው።

እንዲህ ለክተህም ፊቱና ቬሎው አብረው እሺ አልል ካሉህ ችግሩ ብርሃኑ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ናት። በሚያዝያ መጀመሪያ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የዓይን ጉድጓድ ይጨልማል፣ አፍንጫ ሥር ጥላ ይወርዳል፣ የቬሎው ትከሻ ደግሞ ይነዳል። ይህን የሚያስታርቅ ካሜራ የለም። ሙሽሮቹን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ይዘህ ከሄድክ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር አስገባቸው። ወደ ውስጥ ብዙ አትግባ፤ ጥላው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙረህ አቁማቸው። በቅጠል መሐል ሾልኮ የሚወርደውን ነጠብጣብ ፀሐይ ተጠንቀቅ፤ ቬሎ ላይ ሲያርፍ እድፍ ይመስላል። ሣሩንም እይ። ፀሐይ የመታው ሣር አረንጓዴውን ከሥር ወደ አገጭና ወደ ቬሎ ይረጨዋል። ፎቶ ቤት ሄደህ «ለምን አረንጓዴ ሆነች?» ከማለት እዚያው ሁለት ሜትር ፈቀቅ ማድረግ ይቀላል።

ጥላ ከሌለ ፀሐይዋን ከጀርባቸው አድርግና ፊታቸውን በሪፍሌክተር፣ ብርሃን በሚመልሰው ሰሌዳ፣ ሙላው። ነጩን ጎን ተጠቀም፤ ብርማው ዓይን ያስጨፍናል። ሪፍሌክተር ባይኖርህ ነጭ አንሶላ ወጥረው ሁለት ሚዜዎች ይያዙልህ። ፍላሽ ካለህ ደግሞ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/200 ሰከንድ፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 8 እስከ 11 ላይ ጀምርና የፍላሹን ጉልበት ፊቱን እያየህ አስተካክል። በተራ ፍላሽ ብዙዎቹ ካሜራዎች ከ1/200 አካባቢ በላይ አያስኬዱም፤ ካለፍክ የፎቶው ከፊል ጥቁር ሆኖ ይመጣል። ኪስህ ውስጥ ሶፍት ይኑር። ላብ ያወዛው ግንባር ላይ ፍላሽ ሲያርፍ ነጭ ነጥብ ይሆናል፣ እሱን በኤዲት ማጥፋት ደግሞ የሌሊት ሥራ ነው።

አዳራሹ ሌላ ጉድ ነው። የዲጄው መብራት ሐምራዊ ብቻ ከሆነ ፊቱ ላይ ሌላ ቀለም የለም፤ ዋይት ባላንስ (የካሜራው የቀለም ማስተካከያ) የሌለውን ከየት ያመጣል? መፍትሔው መናገር ነው። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት መብራቱን ከሚይዘው ልጅ ጋር ተግባባ፦ «ሲገቡ፣ ኬክ ሲቆርሱ፣ የመጀመሪያውን ዳንስ ሲደንሱ ነጩን ልቀቅልኝ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለግክ።» እስካሁን እንቢ ያለኝ የለም። ይህ ሥራ ግማሹ ሰው ማግባባት ነው፤ የሙሽራዋን አክስት ከካሜራህ ፊት ሳታስቀይም ማስነሳትም እዚያው ውስጥ አለ።

ጣሪያው ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ ፍላሹን ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል አድርገህ አንጥረው። አይኤስኦ 1600፣ 1/100 ሰከንድ፣ ኤፍ 2.8 እስከ 4 ጥሩ መነሻ ነው። 1/100 ያልኩት በምክንያት ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርትዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ፍጥነቱን ስትጨምር ፎቶው ላይ መስመር ይታይሃል። ሌንስህን ኤፍ 1.8 ላይ ከፍተህ ሁለት ሰው አታንሳ፤ እሷ ጥርት ስትል እሱ ይደበዝዛል። ሰርጉ ድንኳን ውስጥ ከሆነ ማንጠሩን እርሳው፤ ሸራው ሰማያዊ ከሆነ ፊቱም ሰማያዊ ይሆናል። ፍላሹን ከካሜራው አውርደህ ከጎን በነጭ ጃንጥላ አብራ።

«አቀላኸን» የሚሉህ ብርቱካናማውን ቀለም ከመጠን በላይ ስለምታበራው ይመስለኛል። የሁላችንም ቆዳ በአብዛኛው እዚያ ቀለም ውስጥ ነው ያለው። እሱን ተወውና ፊቱን ብቻ መርጠህ ኤክስፖዠሩን በትንሹ ከፍ አድርግ፣ በጉንጩና በአገጩ ላይ ያለውን ጥላ ግን አትንካ። ጥላው ሲጠፋ ነው ሰው ራሱን የማያውቀው። የላፕቶፕህን ብርሃን እስከ ጥግ ከፍተህ ኤዲት አታድርግ፣ አልበሙ ጠቁሮ ይታተማል። ሙሉውን ከማሳተምህ በፊት ሁለት ሦስት ፎቶ አሳትመህ እይ።

ለመልስ ስትሄድ ሒሳቡ ይገለበጣል። ጥቁር ከፋይ ካባ ፍሬሙን ሲሞላው አውቶማቲክ ካሜራ ሁሉንም ያደምቃል፣ የካባው ወርቃማ ጥልፍም ይቃጠላል። አሁንም ከጉንጭ ለካ።

ካሜራ አትቀይር። ባለህ ገንዘብ መጀመሪያ ፍላሽ ግዛ፣ ቀጥሎ ሪፍሌክተር፣ ከዚያ ትርፍ ባትሪና ሚሞሪ ካርድ። ካሜራህ አንድ ካርድ ብቻ የሚወስድ ከሆነ የቤተ ክርስቲያኑ ሥነ ሥርዓት እንዳለቀ ካርዱን አውጥተህ ሌላ አስገባ። የወጣውን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን የተዘጋ ኪስህ ውስጥ ያዘው።