ሚዛኔ ያጎድል ነበር፤ እድናለሁ ወይ?

ጥያቄ፦ አባቴ፣ ይፍቱኝ። ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ እሸጣለሁ። ለሦስት ዓመት ሚዛኔ በኪሎ 50 ግራም ያጎድል ነበር። አውቄ ነው። አሁን ቀይሬዋለሁ። የገዙኝን ሰዎች ግን ከየት አገኛቸዋለሁ? እድናለሁ ወይ?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ። «አውቄ ነው» ማለትሽ ደስ አለኝ። ብዙ ሰው ሰይጣን አሳሳተኝ ይለኛል። ሚዛኑን የያዘው ግን ሰይጣን አይደለም።

50 ግራም ቀላል አይምሰልሽ። በ20 ኪሎ አንድ ሙሉ ኪሎ ነው።

ዘኬዎስን አስቢው፤ ሉቃስ ምዕራፍ 19 ላይ አለ። ቀራጭ ነበር። የሀብቴን ግማሽ ለድሆች እሰጣለሁ፣ የበደልኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ልብ በይ፣ ጌታ ቤቱ የገባው ገንዘቡ ሳይመለስ ነው። መዳን ጸጋ ነው፤ በበርበሬ አይገዛም። መመለሱ የንስሐ ፍሬ ነው። ፈያታዊ ዘየማን፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ የሚመልስበት ጊዜ አልነበረውም። አንቺ ግን አለሽ።

ለምታውቂያቸው ደንበኞች ሞላ አድርገሽ መዝኚ። ለማታውቂያቸው ገምተሽ ለነዳያን ስጪ። ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ እንዳትገዢ፣ ምንጣፍስ ሞልቶናል! ከዚያ ንስሐ አባትሽ የሚሰጡሽን ቀኖና ፈጽመሽ ቁረቢ።

እኔም እኮ በርበሬ የማስገዛው ከሰኞ ገበያ ነው።